ልጄ ያልጠጣችው እንገር

የከብት ሐኪም ነኝ። የምሠራው ቢቸና ነው፤ የተወለድኩትና ያደግሁት ሞጣ ነው። እናቴ ሞጣ ገበያው አጠገብ ቅመማ ቅመም የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተ፣ እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን በዚያች ሱቅና ጓሮ ውስጥ በምታልባት አንዲት ላም ነው። ላሟ ስታረጅ ጥጃዋ ትተካለች፤ ቤታችን ያለ ላም የሆነበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ይህን ሙያ የመረጥኩትም ከዚያች ጓሮ የተነሣ ይመስለኛል።

ገበሬዎችን ስመክር ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው እንገርን ነው። ላም እንደወለደች የምትሰጠው ያ ወፍራም ቢጫ ወተት በእኛ አገር ይወደዳል። ይፈላና ለቤተሰቡ ይቀርባል፣ ለጎረቤትም ይላካል፤ ለጥጃው የሚደርሰው ከሰው የተረፈው ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ለጥጃው እላለሁ። ጥጃ ሲወለድ ደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልበት ነገር ይዞ አይመጣም፤ ሆድ ውስጥ ሳለ ከእናቱ ደም አይተላለፍለትም። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ከጀርም ጋር ስትታገል ያፈራችው መከላከያ ያለው እንገሯ ውስጥ ነው። የጥጃው አንጀት ያንን መከላከያ እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ይዘጋል፤ በባልዲ ቢያጠጡትም ወደ ደሙ አይገባም። እንገር ሳያገኝ የቀረ ጥጃ በሳምንቱ ተቅማጥ ሲጥለው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለእናቴም ነግሬያታለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባለቤቴ ቢቸና አስተማሪ ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚታረሰው እናት ቤት ስለሆነ፣ ወሩ ሲገባ ፈቃድ ወስጄ ሞጣ ሄድኩ። እናቴ አልጋውን አዘጋጅታ፣ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ነው የጠበቀችኝ። በዚያው ሰሞን ላማችንም ወልዳ ነበር። "ሁለት አራስ ላርስ ነው" እያለች ለሚመጣ ለሚሄደው ሁሉ ትስቅ ነበር።

ልጄን ጤና ጣቢያ ወለድኳት፤ ጠዋት ነበር። አዋላጇ ጠራርጋ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ። ጸጉሯ ብዙ፣ ጣቶቿ ረጃጅም ነበሩ። አፏን ከፍታ ጡቴን መፈለግ ስትጀምር ነው የአዋላጇ ፊት የተለወጠው። የሚፈሰኝ ደም አልቆም አለ። ልጄን ከደረቴ አነሷት፤ ሰዎች ገቡ፤ አምቡላንስ ተጠራ፤ ወደ ባሕር ዳር እንደምሄድ ሰማሁ። ባለቤቴ አብሮኝ ገባ። ልጄ ከእናቴ ጋር ቀረች። ያኔ ሁሉም ሰው የሚያስበው እኔ እንዳልሞት ብቻ ነበር።

ባሕር ዳር ሁለት ቀን ደም ተሰጠኝ። በሁለተኛው ቀን ወደ ራሴ ስመለስ ጡቴ ተወጥሮ አንሶላው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ በጠርሙስ እንገር ይዤ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የምሄድ፣ እናቱ ለሞተችበት ጥጃ ከሌላ ላም አልቤ የማደርስ ሴት ነኝ። የራሴን ግን አንሶላ ጠጣው። ነርሷ ፎጣ አመጣችልኝና "አይዞሽ፣ ጥሩ ምልክት ነው" አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሞጣ ስንመለስ እናቴ ልጄን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱን ቀን እንቅልፍ በዐይኗ እንዳልዞረ ፊቷ ይናገራል።

"ምን ሰጠሻት?" አልኳት።

"የላሟን ነዋ። አፍልቼ፣ በውሃ አቅጥኜ፣ በጡጦ። ምን ላድርግ ልጄ? ጎረቤት የምታጠባ ሴት የለች። መጀመሪያ ግን ቅቤ አቀመስኳት።"

የላም ወተት የላም ነው። ውስጡ ያለው መከላከያ የተሠራው በረት ውስጥ ላለው ጀርም ነው፤ ያም ቢሆን ሲፈላ ይጠፋል። ይህን አውቃለሁ። ግን ልጄ በሕይወት ነበረች። እናቴ ናት ያቆየችልኝ። አልጋው ላይ ደገፍ ብዬ ተቀመጥኩና ጡቴን አወጣሁ። ቢጫው ወተት ጠብ ሲል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ ልጄ፣ ቆይ። ይሄ ሦስት ቀን ያደረ ነው። ሆዷን ይቆርጣታል። መጀመሪያ ይታለብ።"

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ለስንት ገበሬ፣ ለስንት ሽማግሌ ቆሜ የምናገረው ነገር ነው። ግን ስቀመጥ እንኳ ቤቱ ይዞርብኛል፤ እናቴ ደግሞ ስድስት ሰው አርሳለች፣ እህቶቿን፣ የጎረቤት ሴቶችን። እሷ ፊት ልጅ ሆንኩ። "እሺ" አልኩ። እናቴ ላም ማለብ በለመዱ ጣቶቿ ቀስ አድርጋ አለበችልኝ፤ ምንም አላመመኝም። ሲኒው ሲሞላ ይዛው ወጣች። ጓሮ ግድግዳው ሥር ስትደፋው ድምፁን ሰማሁት።

በሰባተኛው ቀን ስም ወጣላት። የባለቤቴ ዘመዶች መጡ፣ በግ ታረደ፣ ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። እኔና እናቴ ካልሆንን የሚጠራት የለም፤ እኛም ከአፋችን አናወጣውም።

በዐሥረኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት። መጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር። ከሰዓት በኋላ መጥባት ተወች፤ እርግብግቢቷ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ይህን በጥጃ አውቀዋለሁ፤ ዐይን ሲጎደጉድ፣ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲቀር፣ አፍ ሲቀዘቅዝ። ጣቴን አፏ ውስጥ ሳስገባ ቀዝቃዛ ነበር። ሆስፒታል ሮጥን። ዶክተሩ ግሉኮሱን የሚያስገባበት ደም ሥር ፍለጋ ጭንቅላቷ ላይ ጸጉሯን ላጨው። "ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል" አለን። መድኃኒት ተሰጣት። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ለዐሱር ሶላት ሲጠራ፣ ባለቤቴ እጅ ላይ ዐረፈች። ወንዶቹ ያንኑ ዕለት ወስደው ቀበሯት። እኔ አልሄድኩም። ባለቤቴ ሲመለስ ጫማው ላይ ቀይ አፈር ነበር፤ ሳያራግፈው ተቀመጠ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። አንዷ ጎረቤት እናቴን "አንቺ ምን ያላደረግሽ! እንደ ዐይንሽ ብሌን ነበር የያዝሻት" አለቻት። እናቴ ቀና ብላ "አላህ የሰጠውን ወሰደ" ብላ ስትመልስ ሰማሁ። ያኔ ውስጤ የነበረው ነገር ሁሉ ወጣ።

"አላህ አይደለም" አልኩ። "እንገሬን ደፍተሽባት ነው። ጥጃ እንኳ ያለ እንገር አይተርፍም። እማዬ፣ አንቺ ነሽ የገደልሻት።"

እናቴ እንደ ልጅ፣ እንደሚቆጧት ልጅ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

"ለጥጃዋ አጠጥቻለሁ" አለች። "ላሟ ስትወልድ አንድ ጠብታ ሳልነካ፣ አንቺ እንዳልሽው፣ ለጥጃዋ አጠጣሁ። እኔ ለከብት ብቻ መስሎኝ ነው የነገርሽኝ።"

ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ። እኔም ዐርባዬ ሳይሞላ ቢቸና ገባሁ። እናቴ መንገድ ድረስ ሸኘችኝ፤ ስንሰናበት ልስመው ብፈልግ እጇን አላገኘሁትም፤ ከነጠላዋ ሥር ደብቃው ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከእናቴ ጋር በስልክ እንኳ የተነጋገርነው ጥቂት ነው። "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ።" ወንድሜ ላሟን ከነጥጃዋ እንደሸጠቻት ነገረኝ። ምክንያቱን አልጠየቅሁትም።

ሥራ ስመለስ እንገር የሚለውን ቃል መናገር አቃተኝ። ስለ ክትባት እናገራለሁ፣ ስለ መኖ እናገራለሁ፤ እዚያ ላይ ስደርስ አልፈዋለሁ። አንድ ቀን ከቢቸና ትንሽ ወጣ ካለ ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አስጠሩኝ። ላማቸው በጠዋት ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግን መቆም አልቻለችም። እንገሩ ታልቦ ምድጃ አጠገብ በጋን ክዳን ተሸፍኗል።

"አባባ፣ ይሄን ማን ሊጠጣው ነው?" አልኳቸው።

"ልጆቹ ናቸዋ። ጥጃዋማ ምን ጉልበት አላት፤ አትጠባም።"

እንገሩን በጠርሙስ ገልብጬ፣ የጥጃዋን አንገት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ትንሽ በትንሽ አጠጣኋት። ስትውጥ ጉሮሮዋ እጄ ሥር ሲንቀሳቀስ እንባዬ ጸጉሯ ላይ ወረደ። ሽማግሌው አዩኝ፤ ያላዩ ለመምሰል ወደ በረቱ ዞሩ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ጥጃዋ ለምን እንገር እንደሚያስፈልጋት አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና ጠየቁኝ።

"የሰውስ እንዲሁ ነው ልጄ?"

"አዎ" አልኳቸው። "እንዲሁ ነው።"

ይህን ስል ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበር። ወደ ከተማ ስመለስ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ እንዲሁ መሆኑን ከማን እንደተማርኩት ራሴን ጠየቅሁ። ከማንም። እኔ የተማርኩት ስለ ከብት ነው።

በተከራየንበት ግቢ ከእኛ ፊት ለፊት የምትኖር አንዲት ጤና መኮንን አለች። በእድሜ ትበልጠኛለች፤ ልጄ ስትሞት ከቢቸና ተነሥታ ሞጣ ድረስ መጥታ ያለቀሰች ሴት ናት። በማግስቱ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠብቄ፣ የሰው ልጅም እንደ ጥጃ እንደሆነ ጠየቅኋት። የቆምንበት ቦታ ላይ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ተቀመጠችና እኔንም አስቀመጠችኝ።

"ጥጃ ባዶ እጁን ነው የሚወለደው" አለችኝ። "ይሄን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። የሰው ልጅ ግን እንደዚያ አይደለም። ልጅሽ ባዶ እጇን አልተወለደችም። ሆድሽ ውስጥ ሳለች ከደምሽ መከላከያ በእትብቷ በኩል ሲተላለፍላት ነበር። ደሟ ውስጥ የአንቺ ነበራት።"

"ታዲያ እንገሩ ምን ያደርጋል?"

"እሱ ሌላ ዓይነት ነው። ወደ ደም አይገባም፤ አንጀቷ ውስጥ ነው የሚቀረው። ጀርሙን እንደ መድኃኒት አይገድለውም፤ ይሸፍነዋል። እርስ በርሱ ያጣብቀውና የአንጀቱን ግድግዳ እንዳይዝ ያደርገዋል፣ ከዚያ ከሰገራው ጋር ይወጣል። የሚያውቀው ደግሞ እናትየው የምታውቀውን ጀርም ነው፣ የበላችውን፣ የተነፈሰችውን፣ የኖረችበትን ቤት። እንገር ላይ በጣም ይበዛል። ግን በእንገሩ አያበቃም፤ እስካጠባሽ ድረስ በወተትሽ ውስጥ አለ።"

"ስለዚህ እንገሩ በመደፋቱ አይደለም የሞተችው?"

ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ልትዋሸኝ እንዳልፈለገች ገባኝ።

"ብትጠጣው ይሻል ነበር" አለች። "ይሄን አልክድሽም፤ በየቀኑ ለእናቶች የምናገረው እሱን ነው። ግን እሱ ነው የገደላት ልልሽ አልችልም። ማንም አይችልም። ውሃው ሊሆን ይችላል። የላሟ ወተት ሊሆን ይችላል። ጡጦው ሊሆን ይችላል። ጡጦ መጥፎ ነው፤ ጫፉ ውስጥ ጀርም ይደበቃል። ለመሆኑ ለስንት ቀን ነው በጡጦ የጠጣችው?"

እስካሁን ያልተናገርኩት ነገር ይህ ነው። ያን ያህል ደም ከፈሰሰኝ በኋላ ወተቴ አልበቃት ብሎ ነበር። ጠብታም ስታለቅስ ጡጦውን የምሰጣት እኔ ነበርኩ፤ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ እስከታመመችበት ቀን ድረስ። እናቴ በየጊዜው ትቀቅለው ነበር። እናቴ ሱቅ ስትወርድ ግን እኔ ከአልጋ መነሣት ስለሚያቅተኝ፣ በውሃ ብቻ አለቅልቄ መልሼ የሞላሁበት ቀን አለ። አንድ ቀን አይደለም። ይህን ረስቼው አልነበረም። እዚያ ለቅሶ ቤት ውስጥ አፌን ስከፍትም አውቀው ነበር።

ለጤና መኮንኗ "ለጥቂት ቀን" ብዬ መለስኩላት። እሷም ተነሥታ አቀፈችኝ።

ልጄን ካጣሁ ዓመት ሊሞላ ሲል ሞጣ ሄድኩ። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ ቆሞ ሰው ሲጭን የምናገረውን በልቤ አሰናዳሁ። ደግሞ አንድ የማይረባ ሐሳብ አብሮኝ ነበር፤ ወተቴ የሚያውቀው የቢቸናን ቤቴን ነው፣ ልጄ ግን የታመመችው ሞጣ ነው የሚል። እውቀት እንደዚህ ነው የሚያደርገኝ፤ አንዱን ጥፋት ሲያነሣልኝ ሌላ ይፈልግልኛል።

ሱቁ ዝግ ነበር። ጎረቤታችንን፣ ያችኑ ለቅሶው ቀን እናቴን ያመሰገነቻትን ሴት፣ እናቴ የት እንደሄደች ጠየቅኋት።

"አራስ ቤት ናታ" አለችኝ። "አልሰማሽም እንዴ? እናትሽ እኮ ሴት ወለደች ከተባለ ሱቋን ዘግታ ነው የምትሄደው። እስላም ትሁን ክርስቲያን አትል፤ ትውወቅ አትውወቅ። ገብታ ትቀመጥና 'እንገሩን እንዳትደፉት፣ እኔ ደፍቼ የልጄን ልጅ ገድያለሁ' ትላቸዋለች። መጀመሪያ እንደ እብድ ነበር ያዩዋት። አሁን እሷ ስትገባ ማንም አይደፋም።"

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ስትመጣ አላወቅኋትም ማለት ይቻላል፤ ከስታለች፣ አረማመዷ አጥሯል። ስታየኝ ቆመች። ገብተን ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኳት። የሰው ልጅ እንደ ጥጃ አለመሆኑን፣ ልጄ ከደሜ ወስዳ እንደነበር፣ ምን እንደገደላት ማንም ሊያውቅ እንደማይችል። ስለ ጡጦውም ነገርኳት። ያን ስናገር ፊቷን አላየሁም።

"እማዬ፣ ያኔ ያልኩሽ እውነት አልነበረም። ይቅር በይኝ። ሰው ቤት እየሄድሽ እንዲህ አትበዪ።"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"እንገሩ አይጠቅምም ነው የምትዪኝ?"

"እሱማ ይጠቅማል።"

"ልጆቹ ቢጠጡት ይሻላቸዋል?"

"ይሻላቸዋል።"

"እንግዲያ ተይኝ" አለች። "እኔ 'ይጠቅማል' ብዬ ባወራ ማን ይሰማኛል? ጤና ባለሙያ አይደለሁ። 'ገድያለሁ' ስል ነው የሚሰሙኝ።" ቀጥላም "የጡጦውን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ። ለባልሽም ቢሆን። እኔ ይዤዋለሁ፤ ለሁለት አንይዘውም" አለችኝ።

ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጸጉሬን ዳበሰችኝ። ይቅር እንዳለችኝ አውቃለሁ። ግን ያልኳትን ከውስጧ ማውጣት አልቻልኩም፤ አምናኛለች። የከብት ሐኪም ልጇን፣ የተማረችዋን፣ በሰው ፊት የተናገረችውን አምናለች። በኋላ ያመጣሁላት ሁሉ፣ እሷን ለማጽናናት የተፈለገ ነገር ሆኖ ነው የቀረው።

ሁለተኛ ልጄን፣ ወንዱን፣ ቢቸና ወለድኩት። ምንም አልገጠመኝም። እዚያው የወለድኩበት አልጋ ላይ ጡቴን ያዘ። እናቴ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። ክፍሉ ውስጥ አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆማ "ጠብቷል?" አለች። "ጠብቷል" አልኳት። "ቢጫውን?" "ቢጫውን።" ያኔ ገባች። እጇን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ከዚያ እኔን፣ ያጠባችኝን ልጇን፣ ፈቃድ ጠየቀችኝ።

"ልያዘው?"

ልጄን ሰጠኋት። ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ዛሬ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከማንም ይልቅ የሚወደው እሷን ነው፤ ሞጣ ስንሄድ ከሱቋ አይወጣም። እሷም ትታቀፈዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታስተኛዋለች። አንድ ጊዜ እንኳ ግን በእጇ ምንም አጉርሳው አታውቅም። ሲርበውና ወደ እሷ አፉን ከፍቶ ሲጠጋ እጇን ወደ ኋላዋ ትወስድና "ሂድ ልጄ፣ እናትህ ትስጥህ" ትለዋለች።